እትዬ ወስፌ እና አራተኛው ሚስማር

የባለቤቴ ታላቅ እህት ቀኝ አውራ ጣት ለሃያ ሁለት ዓመት ሐምራዊ ነበር። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ግን ያን ሁሉ ዘመን አንድም በሽተኛ አላከመችም። በከተማው ቄራ ውስጥ ከታረዱት መሐል ለመብል የሚሆነውን ከማይሆነው ትለይ ነበር። የሚሆነው ላይ ሐምራዊ ማኅተም ታሳርፋለች፤ ማኅተሙ ጣቷን ያቀልማል፤ ጣቷ ደግሞ የቤታችንን የበር እጀታ፣ የልጆቼን ጉንጭ፣ አንዴም ነጭ ሸሚዜን። የሸሚዙ አሻራ ቢታጠብ ቢታጠብ አልለቅ ሲል "ለመብል ይሆናል ተብሎ ተፈርሞብኛል" እያልኩ ለብሼው ዞሬያለሁ።

ይህን የምጽፈው ስለ እሷ ነው። ስለ ራሴ ብዙ ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን የእሷን ትልቅነት ያየሁት በራሴ ትንሽነት በኩል ስለሆነ ማምለጫ የለኝም። ሥራዬ ለፈረስ ጫማ መምታት ነው። ሰኮናውን ጠርቤ፣ በሞረድ አስተካክዬ፣ የብረት ጫማ በሚስማር እገጥምለታለሁ። ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው ሁሉ ክብሪት ይለኛል፣ ቶሎ ስለምነድ። ቶሎ እጠፋለሁም፤ ይህን ግን ማንም አይጨምርልኝም።

ጡረታ ስትወጣ ሁላችንም ታርፋለች ብለን ነበር። እሷ እቴ! በሁለተኛው ሳምንት ሻንጣዋን አንጠልጥላ አኩፓንክቸር የሚሉትን፣ በቀጫጭን መርፌ የሚሰጠውን ሕክምና ለእንስሳት ልትማር ሄደች። ሁለት ዓመት ስትመላለስ ቆየች። ጨርሳ የመጣች ቀን መርፌዎቿን ምግብ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው። ከፀጉር እምብዛም አይወፍሩም፤ መድኃኒት የሚያልፍበት ቀዳዳም የላቸውም።

"ታዲያ ምን ያስገባሉ?" አልኳት።

"ምንም።"

"ምንም ለማስገባት ሁለት ዓመት ተማርሽ?"

አማቴ ሳይቀሩ ሳቁ። በዚያው ምሳ ላይ ወስፌ ብዬ ስም አወጣሁላት፤ ወስፌ እንግዲህ ጫማ ሰፊ ቆዳ የሚበሳበት ነው። ስሙ ተጣበቀ። ሳምንት ሳይሞላው እሷ ራሷ ስልክ ስታነሳ "ወስፌ ነኝ" ማለት ጀመረች። በሰጡት ስም ከማይናደድ ሰው ጋር መጣላት እንዴት ከባድ ነው።

የመጀመሪያ በሽተኛዋ የአማቴ ውሻ ሆነ። ወገቡ ረጅም፣ እግሩ አጭር፣ ሲሄድ ወለል የሚጠርግ የሚመስል ሽማግሌ ውሻ ነበር። ወገቡን ታሞ የኋላ እግሮቹን መጎተት ከጀመረ ሁለት ወር አልፎታል። አማቴ እስከ ሦስተኛ ፎቅ በእቅፋቸው ያወጡታል፤ ማን ማንን መደገፍ እንዳለበት ግን ለተመልካች ግልጽ አልነበረም።

"አባዬ፣ ሐኪም አይቶታል?" አለቻቸው።

"አንቺ ምንድን ነሽ ታዲያ? ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ለጌጥ ነው?"

"የእሱን ሐኪም ማለቴ ነው። ራጅ ያነሳውን፣ ኪኒን ያዘዘለትን። እሱ ሳያውቅ አልነካውም።"

ስልክ ደወለች። ራጁ እስኪላክላት ድረስ ሁለት ቀን ጠበቀች። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ከውሻው ጎን ተቀመጠች፣ መርፌ ግን አላወጣችም። ዓይኗን ጨፍና መዳፏን ከአንገቱ እስከ ጭራው ቀስ ብላ አሳለፈች፤ መለሰች፤ እንደገና አሳለፈች። ሩብ ሰዓት ፈጀባት። እኔ ሰዓቴን ሁለት ጊዜ አየሁ፣ ሁለተኛውን ሆን ብዬ እንድትሰማኝ እየሳልኩ። በመጨረሻ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እየቆጠረች መርፌዎቹን መትከል ጀመረች። ውሻው መጀመሪያ "ይህን ነገር እያየህ ነው?" በሚል ዓይን ወደ እኔ ተመለከተ። ስድስተኛው ላይ ዓይኑ ከበደው፣ ዘጠነኛው ላይ አንኮራፋ። "አሥራ አንድ ገባ" አለች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ አንድ በአንድ ነቅላ "አሥራ አንድ ወጣ" አለች። በመካከሉ አማቴም ያለ ምንም መርፌ አንኮራፍተው ነበር፤ ይህን ሳልጠቁም አላለፍኩም።

በአምስተኛው ሳምንት ውሻው ደረጃውን በገዛ እግሩ ወጣ። አማቴ ሦስተኛ ፎቅ በራፍ ላይ ቆመው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔ ግን ክብሪት ነኝ።

"ያረጀ ውሻ አንዳንዴ በራሱም ይሻለዋል" አልኩ።

"አዎ፣ ይሻለዋል" አለች።

"ኪኒኑም ሊሆን ይችላል።"

"ኪኒኑም አለበት። መርፌዬ ብቻውን የትም አይደርስም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ? ውጊያው የመድኃኒቱና የእንስሳው የራሱ ነው።"

እየተስማማ ከሚመልስ ሰው ጋር መከራከር አልችልበትም፤ ተነስቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ድመት፣ የዘበኛው ውሻ፣ አንድ ጊዜም በግ ሳይቀር በእጇ አለፈ። የሁሉም አልተሻለውም። ያልተሻለው ሲኖር "አልቻልኩም፣ ወደ ሐኪሙ ይመለስ" ትላለች፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ። አንድ ቀን ግን ልፈትናት ብዬ፣ የት እንደምትወጋ በምን እንደምታውቅ ጠየቅኳት።

"የሞቱት አስተምረውኛል" አለች። "ሃያ ሁለት ዓመት ከቆዳ ሥር ያለውን ሳይ ኖሬያለሁ። የትኛው ጡንቻ የቱን እንደሚስብ፣ የትኛው ጅማት በየት እንደሚያልፍ አውቃለሁ። አንዱ እግር የታመመ በሬ ሌላው ትከሻው እንዴት እንደሚጠጥር፣ ታርዶ እንኳ ይታያል። አሁን ቆዳው ሳይገለጥ እጄ ያየዋል።"

ጉራ መሰለኝ።

አሁን ወደ ቦራ ልምጣ። ቦራ ከከተማው ዳር ያለው የግልቢያ ትምህርት ቤት ፈረስ ነበር፤ ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ፈረስ መጋለብ የተማረ የከተማው ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የወጣው በእሱ ጀርባ ላይ ነው። ሕፃን ሲወጣበት ትንፋሹን እንኳ ቀስ አድርጎ የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር። ባለጋጣዋ ከራሷ ቤተሰብ ለይታ አታየውም። ጫማውን ለአሥራ አራት ዓመት የመታሁት እኔ ነኝ፤ ስጠጋው ሳልጠይቀው እግሩን አንስቶ ይጠብቀኛል።

ነገሩ የተጀመረ ቀን አራት ፈረስ ቀርቶኝ ነበር፣ ሰማዩም ጠቁሯል። የሥራዬን አንድ ምስጢር ልንገራችሁ፤ ጫማ መቺ በዓይኑ ብቻ አይሠራም፣ በጆሮውም ነው። ሚስማሩ ደረቁን ሰኮና ይዞ በትክክል ሲገባ፣ በእያንዳንዱ ምት ድምፁ እየጠራ ይሄዳል። ሕይወት ወዳለበት ሥጋ ከተጠጋ ግን ድምፁ ይታፈናል። የቦራ ግራ የፊት እግር፣ የውስጥ በኩል፣ አራተኛው ሚስማር ድምፁ ታፈነ። ሰማሁት። ቦራም እግሩን ሰበቅ አደረገ። ወግ ያለው ሠራተኛ ያን ጊዜ ሚስማሩን ነቅሎ ያያል። እኔ "ዝም በል!" ብዬ ጮህኩበትና ጫፉን አጥፌ ጨረስኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ማፍሰሴን እያወቅኩ ለመልቀም እንኳ አልጎነበስኩም።

በስድስተኛው ቀን ቦራ አነከሰ።

የጋጣው ሐኪም ትሑት ወጣት ነው። "ጋሼ፣ ሰኮናውን አይተውታል?" ብሎ ጠየቀኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ "ዛሬ ጧት አይቼዋለሁ፣ ንጹሕ ነው" አልኩት። ሰኮና እየጨመቀ ሕመም የሚፈልግበትን ጉጠት ከሣጥኑ ግማሽ ድረስ አውጥቶት ነበር፤ መለሰው። የመለሰው ዕድሜዬን አክብሮ ነው። እኔ አይቼዋለሁ ያልኩትን እሱ ደግሞ ቢፈትሽ እኔን ውሸታም ማለት መሰለው። ከዚያ በኋላ የተደረገው ሁሉ ከዚያች ቃል የተነሳ ነው። የቦራ ጀርባ የቆየ ጉዳት ነበረበት፤ ራጁም ያንኑ አሳየ፤ ሁሉም ጀርባው ነው አለ። ማስታገሻ ተሰጠው፣ ሦስት ቀን ተሻለው፣ ከዚያ ባሰበት። ድርቆሽ ተወ። መተኛትም ተወ።

ለምን አልተናገርክም ትሉኛላችሁ። ሠላሳ ዓመት የገነባሁት ስም ነበረኛ። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ቀጥሎ ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ። ሁለት ጊዜ ሰው በሌለበት ሚስማሩን በድብቅ ልነቅል ሄጃለሁ። ቦራ እግሩን አልሰጠኝም። አሥራ አራት ዓመት ሳልጠይቀው የሰጠኝን እግር መሬት ላይ ተክሎ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ፣ እጅጌዬን በጥርሱ ያዘ። ፈረሱን የሚይዝልኝ ሰው ብጠራ ደግሞ ለምን ብዬ? ስለዚህ በየጧቱ ወደ ሌሎቹ ፈረሶች ስሄድ በጋጣው በር ብቅ እያልኩ "እንዴት አደረ?" ማለት ሆነ ሥራዬ።

ማንከስ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን ባለጋጣዋ ጠራችኝ። ዓይኗ አብጧል።

"ቅዳሜ ጧት ሐኪሙ መጥቶ በመርፌ ለዘላለም ያሳርፈዋል" አለችኝ። "ከዚህ በላይ ሲሠቃይ ላየው አልችልም። ግን ያቺ የባለቤትህ እህት... ሐኪሙን ጠይቄው ብታየው አይከፋም ብሏል። ታመጣልኛለህ? ሌላ ተስፋ የለኝም።"

"አመጣታለሁ" አልኩ።

ዓርብ ጧት እትዬ ወስፌን በጭነት መኪናዬ፣ ከብረት መቀጥቀጫ መስፌና ከመዶሻዎቼ ጋር ጭኜ ወሰድኳት። መንገዱ አርባ ደቂቃ ነው። ስለ ቦራ ጥያቄ በጥያቄ አደረገችኝ፤ ዕድሜው፣ አበላሉ፣ መቼ እንደጀመረው፣ ወደ የትኛው ጎን እንደሚያጋድል።

"ሁሉን ንገረኝ" አለች። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ፈረስ ደግሞ አፍ የለው፣ ሰው ነው የሚናገርለት።"

ከአንዷ በቀር ሁሉን ነገርኳት።

ቦራ የጋጣው ጥግ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የጎድን አጥንቶቹ ይቆጠራሉ። እሷ በሩ ላይ ቆመች፣ አልገባችም። ባለጋጣዋ "ዶክተር፣ ይግቡ እንጂ፣ አይራገጥም" አለቻት። "እሱ ግቢ ይበለኝ" አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህች ብቻ አንድ ሳምንት እቀልድባት ነበር። ቦራ አንድ ጆሮውን አዞረ፤ ቆይቶ ጭንቅላቱን። ያኔ ገባች።

ከጆሮው ሥር ጀመረች። ያየሁትን በትክክል ልናገር እሞክራለሁ፣ ግን ቃሉ ይበቃኝ እንደሆነ አላውቅም። እጇ በቆዳው ላይ ሲሄድ ከቆዳው ሥር ያለው ሥጋ ሊገናኛት ይነሳ ነበር። ጫንቃው ላይ ስትደርስ ቆዳው ነፋስ እንደነካው ውኃ ተርገበገበ። ጀርባው ላይ ቆየች። "ይሄ የቆየ ነው" አለች ለራሷ፣ "ከዚህ ጋር መኖር ለምዷል።" ዞራ ቀኝ ትከሻውን ነካች፤ "አንተ ደግሞ የሌላውን እግር ሸክም ነው የተሸከምከው" አለችው። ዞራ ግራውን ነካች። ከዚያ እጇ ክር እንደሚከተል ሰው እጅ ቁልቁል መውረድ ጀመረ፤ ከትከሻ ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ ጉልበት። የስድሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት፤ ጭዱ ላይ ተንበረከከች። ራጅ ያላየውን፣ ሐኪም ያላገኘውን፣ እኔ በሦስት ሳምንት ውሸት የሸፈንኩትን ነገር፣ ሁለት ጣቶቿ ከሰኮናው ከፍ ብለው አረፉና አገኙት። ጣቶቿ ሥር የሚመታው የደም ሥር ከቆምኩበት አይታየኝም፤ ሰኮና ውስጡ ሲመግል ግን በኃይል እንደሚመታ አውቃለሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። በዓይኗ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ኖሮ እድን ነበር፤ ለቁጣ መልስ አጥቼ አላውቅም። ቁጣ አልነበረም።

"መርፌ አላደርግለትም" አለች ለባለጋጣዋ።

"ምን ማለት ነው ዶክተር? እኔ እኮ በእርስዎ ነው ተስፋ ያደረግኩት!"

"ዛሬ ባደርግለት ነገ ቀለል ይለው ይሆናል፣ እናንተም ታጨበጭቡልኛላችሁ። ውስጡ ያለው ነገር ግን አጥንት ድረስ ይሄዳል። አሁን የሚከራከርለት ሕመሙ ብቻ ነው፤ ጠበቃውን አላባርርበትም። የዚህ እግር ጫማ ይውለቅ፣ ለሐኪሙም አሁኑኑ ይደወል።"

ጫማውን ማን እንደመታው አላነሳችም። እንደማያውቅ ሰው ልብሷ ላይ የተጣበቀውን ጭድ ማራገፍ ጀመረች።

ጉጠቴን ላመጣ ወደ መኪናው ወጣሁ። እዚያ፣ የተከፈተ ሣጥን ላይ አቀርቅሬ፣ መውጫዬ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ጫማውን አወልቃለሁ፣ ሚስማሩን ኪሴ እከታለሁ፣ "ድንጋይ ወግቶት ኖሯል" እላለሁ። ፈረሱ ይድናል፣ ስሜም ይተርፋል። ማን ይጎዳል? ይህን እያሰብኩ ተመለስኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ሁሉ አይቼ እንኳ ይህን እያሰብኩ ነበር።

ቦራ ሲያየኝ ጆሮውን አጠፈ። ጎንበስ ብዬ እግሩን ስነካ ሸሸ፤ ግድግዳው እስኪያቆመው ድረስ ወደ ኋላ ሸሸ። ከሕመሙ ጋር ሦስት እርምጃ ሲሸሸኝ ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው።

"ምን ሆኖ ነው?" አለች ባለጋጣዋ። "ለአንተ እኮ እያንቀላፋ እንኳ እግሩን ይሰጥህ ነበር!"

ጉጠቱ በእጄ ነው።

"አራተኛው ሚስማር ነው" አልኩ። "ሥጋውን ነክቶታል። ስመታው ሰምቼዋለሁ። ሐኪሙ ሲጠይቀኝም ዋሸሁት።"

ስድብ ጠብቄ ነበር።

"በየጧቱ እየመጣህ እንዴት አደረ ትለኝ ነበር" አለች ባለጋጣዋ። እስከ ዛሬ የተሰደብኩት ስድብ ሁሉ ቢደመር ያቺን ቃል አያህልም።

እትዬ ወስፌ የመርፌ ከረጢቷን ከፈተች። "አሁን አደርግለታለሁ" አለች፣ "ለሕመሙ አይደለም፣ ፍርሃቱ ላላ እንዲል ብቻ። አንተ እንዳትንቀሳቀስ።" አንዱን በሁለቱ ጆሮዎቹ መካከል፣ አንዱን ግንባሩ ላይ ባለው ነጭ ምልክት፣ ሁለቱን በደረቱ ግራና ቀኝ። "አራት ገባ።"

መጀመሪያ የታች ከንፈሩ ወደቀ። ከዚያ ቢጫ ጥርሶቹ እስኪታዩ አዛጋ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አንገቱ ትንሽ በትንሽ ወረደ። የታጠፉት ጆሮዎች ተፈቱና ወደ ጎን ተዘረጉ። ሦስት ሳምንት ያልተዘጋው ዓይኑ ግማሽ ድረስ ተከደነ። ሰውነቱ ከላይ ወደ ታች ሲላላ ማየት ይቻል ነበር፤ ከአንገት ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ወገብ። ከዚያ ክብደቱን ወደ ቀኝ አሳልፎ፣ ግራ እግሩን ከመሬት አንስቶ ያዘው። ለእኔ! እግሩን ላበላሸሁበት ለእኔ አንስቶ ጠበቀኝ። ጉድ አልኩ፤ እጄን በአፌ መጫን አማረኝ፣ ግን እጄ ሥራ ነበረው።

የውጭ በኩሎቹና የውስጥ በኩል ሦስቱ ሚስማሮች ደርቀው ወጡ። አራተኛው ጠቁሮ፣ ረጥቦ ወጣ፤ ከኋላውም መግሉ፣ ሽታው ጋጣውን ሞላው። ቦራ በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። ባለጋጣዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። እትዬ ወስፌ መርፌዎቿን እየነቀለች "አራት ወጣ" አለች።

ሐኪሙ መጣ። ቀዳዳውን አስፍቶ አጠበ፣ መድኃኒት ወጋው፣ እግሩን በፋሻ ጠቀለለ። ለእሱም በአፌ ነገርኩት። አፍሮ አቀረቀረ፤ የእኔን ኀፍረት እሱ ወሰደው። "እኔም መመርመር ነበረብኝ፣ ጋሼ" አለ። "ከእንግዲህ ጉጠቴን ለማንም ብዬ አልመልሰውም።" ባለጋጣዋ ደግሞ ከእንግዲህ ለቦራም ለሌሎቹ ፈረሶችም ጫማ የሚመታው ሌላ ሰው እንደሆነ ነገረችኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ልክ ነበረች።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጠየቅኳት።

"መቼ አወቅሽ?" አልኳት።

"ሚስማሩን፣ እጄ ሲነካው። አንተን ግን ጧት ስንመጣ። አርባ ደቂቃ ሙሉ አንዴም አልሰደብከኝም።"

"ባልናገርስ ኖሮ እትዬ?"

"እኔ እናገር ነበር። በፈረስ ሕይወት ይሉኝታ የለም። ግን ጉጠትህን ይዘህ እስክትመለስ ልጠብቅህ አልኩ።" ቀጥላም "በጣም ቆየህ" አለች።

ቅዳሜ ጧት፣ ቦራ ሊያርፍ በተቀጠረበት ሰዓት፣ ሳልጠራ ሄድኩ። ውጭ ፀሐዩ ላይ ቆሟል፤ ግራ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ በአራቱም ላይ። ድርቆሽ ያላምጣል። እትዬ ወስፌ ከእኔ ቀድማ በአውቶቡስ መጥታለች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያነክስ የተጎዳውን ትከሻና ጀርባውን ልታይለት ነው። ሐኪሙም አለ፣ የፋሻውን ሁኔታ እያየ። ባለጋጣዋ አይታኝ ሰላም አላለችኝም፣ ሂድም አላለችኝም። አጥሩ ጋ ቆምኩ።

"ገመዱን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ" አለች እትዬ ወስፌ፣ ማንንም ሳታይ።

ሐኪሙ አልተንቀሳቀሰም። ባለጋጣዋ ወደ መሬት አየች። እኔ ሄጄ ገመዱን ያዝኩና ከራሱ አጠገብ ቆምኩ። እሷ መቁጠር ጀመረች። ሰባት ላይ የታች ከንፈሩ ወደቀ። አሥር ላይ አንገቱ ወረደ። አሥራ አራተኛው ሲገባ አገጩን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፤ መጀመሪያ ቀለል አድርጎ፣ ከዚያ እንቅልፉ እየከበደው ሲሄድ በሙሉ ክብደቱ። የፈረስ ጭንቅላት እንደሚከብድ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ እንዲህ ግን ተሸክሜው አላውቅም። ሞቃት ትንፋሹ በአንገቴ ይወርዳል። እግሬ ደነዘዘ፣ ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ተመላለሰ። እትዬ ወስፌ ሃያ ደቂቃ አለች። ሃያውንም ደቂቃ ንቅንቅ አላልኩም።